በሁዳዴ የወዛ ፊት

ባለፈው የገበያ ቀን መሐል ሜዳ ከተማ ሽንኩርት ስመርጥ፣ አንድ ባና የደረበ ሽማግሌ ከፊቴ ቆሞ ትክ ብሎ አየኝ። መጀመሪያ አላወቅሁትም። ጥርሱ አልቋል፣ ትከሻው ጎብጧል። «እትዬ ጽጌ፣ ረሱኝ?» ሲለኝ በድምፁ ለየሁት፤ ወንድይፍራው ነው፣ የሟች ታናሽ እህቴ የእታፈራሁ ባል። እሷ ከሞተች በኋላ ሌላ አግብቶ፣ ሌላ ወልዶ፣ እኔም ከማስተማር ጡረታ ወጥቼ፣ ያን ሁሉ ዘመን በአንድ አገር እየኖርን ሳንገናኝ ቀርተናል። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እኔም ከሩቅ ሳየው መንገድ እቀይር ነበር። ተሳሳምን፣ ጤናዬን ጠየቀኝ፣ ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ አወራልኝ። ከዚያ «ያ መርፌ ባይነካት ኖሮ ይኼኔ የልጅ ልጅ ታቅፍ ነበር» አለኝ። ተንኮል የለበትም፤ ከልቡ ነው ያለው። እኔም ሽንኩርቴን አስመዝኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን የቀመስኩት ሁሉ አልጥም ብሎኛል። በዚህ ዕድሜዬ ገበያ መሀል ከሰው ጋር አልሟገትም። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። የድሮዎቹ ወድቀው አዲሶቹ ከገቡ ጥቂት ክረምት አልፏል፤ እኛን መምህራኑን በየጊዜው ሰብስበው «ግምገማ» የሚያስቀምጡን ጊዜ ነው። እኔ የማስታውሰው ሻይ በስሙኒ እንደነበረ፣ ዳቦውም ከዛሬው ዳቦ ሁለት እጥፍ እንደሚያህል፣ አንድ ደህና ሙክት የሸጠ ሰው ለልጆቹ ልብስ፣ ለሚስቱ ሻሽ፣ ለራሱ ደግሞ ጠጁን ጠጥቶ እየዘፈነ ይገባ እንደነበር ነው። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት አንዲት የካሴት ሱቅ ነበረች። ድምፅ ማጉያዋን በር ላይ አውጥታ ቀኑን ሙሉ ስታንቆረቁር ትውላለች፤ ካሴቱ ሲላላ የዘፋኙ ድምፅ እንደ ሰካራም ይጎተታል፣ ባለሱቁም በእስክሪብቶ እያጠነጠነ መልሶ ይከተዋል። የከተማው ጎረምሳ ቴትሮን ሱሪውን በፈላ ውኃ ጠርሙስ ተኩሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ እዚያች ሱቅ በር ላይ ይቆማል። ከገጠር የሚመጣው ደግሞ ኮንጎ ጫማውን በእጁ ይዞ ይመጣና ከተማው አፋፍ ሲደርስ ያጠልቃል። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የስልክ ካርድና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጣል፤ ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ ለየብቻው ይሰማል።

እታፈራሁ በየገበያው ቀን ከጓሳ በኩል በእግሯ ትመጣ ነበር። አገሯ ነፋሱ አጥንት ይቆጥራል፤ ሰው በሐምሌ ብቻ ሳይሆን በግንቦትም ባናውን አይጥልም። እሷ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ ወንድይፍራው ባና ይሠራል፣ የሁለቱ እጅ የገባበት ባና ደግሞ ገበያ ላይ አያድርም። አረንጓዴ ሽንሽን ቀሚሷን ለብሳ፣ ፈትሏን በጀርባዋ አዝላ፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆማ ከክፍል እስክወጣ ትጠብቀኛለች። ገብተሽ ተቀመጪ ብላት አትገባም። ይሉኝታ የሚሉትን ነገር ከእናታችን ጡት ጋር የጠባችው እሷ ብቻ ናት፤ እኔ ስጠባ ገና አልመጣም ነበር መሰል አልደረሰኝም። ልጅ ሆነን አክስታችን ቤት ስንሄድ «ብሉ» ሲባል እኔ እጄን ታጥቤ እቀርባለሁ፣ እሷ «በልቻለሁ» ትላለች። ሦስቴ ትለመናለች፣ ሦስቴ እምቢ ትላለች፣ በአራተኛው እሺ ልትል አስባ ሳለ መሶቡ ይነሣል። መንገድ ላይ በረሃብ እያለቀሰች ትመለሳለች። እኔ እስቅባት ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። እሷ ተቀምጣ አትጠብቅም። ቀና ስትል የዓይኗ ነጩ የእንቁላል አስኳል መስሏል። ደረጃ የምትወጣ ይመስል ተቀምጣ ታለከልካለች፣ ከንፈሯ ነጥቷል፣ ሽንቷም እንደ ጥቁር ሻይ እየሆነ መሰንበቱን አፍራ በጆሮዬ ነገረችኝ። «የወፍ በሽታ ነው፤ ሥሩን እያጠጡኝ ነው» አለች። በአገራችን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሁሉ የወፍ በሽታ ነው የያዘው። የወፍ በሽታ ደግሞ ሕግ አለው፤ ሥር ይቀጠቀጥለታል፣ መርፌ ግን ከነካው ሰውየው ያልቅለታል። ይህን ሕግ ዳዊት ያልደገመው ሁሉ ያውቀዋል። የተማረው ሁሉ ሳይቀር በሆዱ ይፈራዋል፤ አብረውኝ የሚያስተምሩት የሳይንስ መምህር ልጃቸው ዓይኑ ቢጫ የሆነ ጊዜ መጀመሪያ የሄዱት ሥር ቀጥቃጩ ጋ ነው።

ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሁላችንም «ዶክተር» የምንለው ጤና ረዳት ነበር፤ ዶክተር አለመሆኑን ደጋግሞ ቢነግረንም የሚሰማው አላገኘም። የዓይኗን ቆብ ገልብጦ አየ፣ ሆዷን ዳሰሰ፣ ጣቷን ወግቶ አንዲት ጠብታ ደም ወሰደ። ከዚያ እኔን ወደ ውጭ ጠራኝ። «ጉበቷ ብቻ ቢሆን እንዲህ አትገረጣም። ደሟ ውስጥ ለውስጥ እየፈረሰ ይመስለኛል። ለምን እንደሚፈርስ የሚለይ የደም ምርመራ አለ፤ እኛ ጋ የለም፣ ደብረ ብርሃንም የሚኖር አይመስለኝም። አዲስ አበባ ውሰጃት፤ ሳትውዪ ሳታድሪ» አለኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ ደረቷን ገልጣ፣ «መርፌ ብታስነኪያት ይህ ያጠባሁሽ ጡት ይፍረድብሽ» አለችኝ። ወንድይፍራው ግን ሚስቱን ይወዳታል፤ ሁለት በግ ሸጦ፣ አዲስ የሠራውን ባና አልብሷት ከእኛ ጋር አውቶቡስ ተሳፈረ።

አዲስ አበባ ትልቁ ሐኪም ቤት ደም የምትቀዳዋ ሴት መርፌዋን አዘጋጅታ «ክንድ» ስትል፣ እታፈራሁ ክንዷን ባናው ውስጥ ደበቀች። ወንድይፍራው በመሀል ገብቶ፣ «እመቤት፣ ሳይወጉ አይታይም ወይ? በሽንቷ፣ በምራቋ፣ በሌላ ነገር?» ብሎ ለመነ። ሴትየዋ አልተቆጣችም፤ ስንቱን አይታለች። «ደሙ ነው የታመመው፤ ደሙን ካላየሁ ምኑን ልይ?» አለችው። እሱ ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ እህቴ አየሁ። እታፈራሁ ቤት ትታት የመጣቻት፣ ገና ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ ነበረቻት። «ለልጄ ስል ነው» አለችና ክንዷን ዘረጋች፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ደሙ ተቀዳ፤ ምርመራው ግን አልተሠራም። «ሪኤጀንት አልቋል» አሉን። ለምርመራው የሚጨመረው ጠብታ ማለት ነው። ነገ ይገባል፣ ከነገ ወዲያ ይገባል እየተባለ በኮሪደር አግዳሚ ላይ ሰነበትን። ወንድይፍራው ጠዋት ጠዋት ባናውን አጣፍቶ ይመጣና፣ «ያ ሬጀንት የሚሉት ሰውዬ ዛሬም አልገባም?» ይለኛል። ልሣቅ ወይስ ላልቅስ? እህቴ በየቀኑ ትገረጣለች፤ ደረጃውን በመጀመሪያው ቀን ተደግፋ ወጣች፣ በኋላ ታዝላ ነው። ምነው አንድ ብልቃጥ እንኳ ቢያስቀሩ፣ ማን ይጠይቃቸዋል? በዚያው ሰሞን በሬዲዮ ስለ ጤና ሽፋን ሲነገር እሰማ ነበር፤ አንድ ጠብታ ስለማግኘት ግን አይነገርም። ዛሬ ዛሬ ይህ ምርመራ ከአዲስ አበባ ውጭም እንደሚሠራ ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አይለኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ለእኔ።

በመጨረሻ ጠብታው ገባ። እኔ መምህር ነኝ፣ ካልገባኝ አልወጣም ብዬ ላቦራቶሪው በር ላይ ስለቆምኩ ያቺው ሴት አስረዳችኝ። የእህቴን ቀይ የደም ሴል በጨው ውኃ ደጋግማ አጠበችው። ከዚያ ያን ጠብታ ጨመረችበት፣ በማሽን አሽከረከረችው፣ ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ ነካ ነካ አደረገችው። «ደሙ ጤነኛ ቢሆን ተበትኖ ይቀላ ነበር። ይኸው፣ ተያይዟል» አለችኝ። አየሁት፤ እንደ ፈረሰ እርጎ ጓል ጓል ብሏል። ፀረ-አካል የሚባለው፣ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ነገር፣ በስሕተት በራሷ ደም ላይ ተጣብቆበታል፤ የተጣበቀበትን ሴል ሁሉ ሰውነቷ እንደ ጠላት እያፈረሰው ነው። ለወንድይፍራው ስተረጉምለት ብዙ አላደከመኝም። «በግ መብላት የለመደ የቤት ውሻ በሉኛ» አለ። «አዎ፣ ልክ ነህ» አልኩት። «እንግዲያ የወፍ በሽታ አይደለማ?» አለ። «አይደለም» አልኩት። ያን ጊዜ አምኖኝ ነበር፤ እምላለሁ፣ አምኖኝ ነበር።

መድኃኒቱ መርፌ አልነበረም፤ ትንንሽ ነጫጭ ክኒን ነው። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳን። ጠዋት ጠዋት ምግብ ከበላች በኋላ ትውጥ፤ በባዶ ሆድ አይሆንም። ፊቷ ይነፋል፣ አትደንግጡ፤ ክኒኑ ነው እንጂ ውፍረት አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ትምጣ፣ እየቀነስን እኛ እናቆመዋለን፤ እሷ በራሷ ብታቆመው ግን ውሻው ተመልሶ ይገባል። የወንድይፍራውን ምሳሌ ነግሬው ስለነበር ነው ውሻው ያለው። በሳምንታት ውስጥ ዓይኗ ጠራ፣ ከንፈሯ ደም መሰለ። አገሯ ስንመልሳት ሰው ከደጅ ወጥቶ በእልልታ ነው የተቀበላት። ጉንጯ ሞልቷል፣ አገጯ ክብ ሆኗል። በእኛ አገር ደግሞ ከስታ የሄደች ሴት ፊቷ ሞልቶ ከተመለሰች ሌላ ምን ምስክር ያስፈልጋል? «አይ እታፈራሁ፣ ወዝተሽ፣ ተሠርተሽ መጣሽ» አሏት። ክኒኑ ነው ፊቷን የነፋው ብዬ በር ለበር ተናገርኩ። ሰሙኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፣ ወዲያው መልሰው ጉንጯን አደነቁ። እኔም ትምህርት ነበረብኝና ወደ መሐል ሜዳ ተመለስኩ።

ቅበላው አልፎ ሁዳዴ ገባ። በጾሙ ማገባደጃ ላይ ጎረቤቷ አስካለ ገበያ መጥታ፣ ቂቤዋን ሸጣ፣ ጨው ገዝታ፣ ልትሄድ ስትል፣ «እታፈራሁን ትንሽ አሟታል» አለችኝ። አገሬን አውቀዋለሁ። ከባድ የታመመ «ትንሽ አመመው» ነው፣ የሞተ ደግሞ «ጠንከር ብሎበታል» ነው። ርዕሰ መምህሩን ሳላስፈቅድ በቅሎ ለምኜ ወጣሁ።

መደቡ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ዓይኗ ከመጀመሪያውም ይብስ ቢጫ ነው። ፊቷ ግን ያው ክብ እንደሆነ ነበር፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

«ክኒኑስ?» አልኳት።

«ተውኩት፣ እትዬ።»

«መቼ?»

«ጾሙ እንደገባ።»

«የነፍስ አባትሽ አልፈቀዱልሽም?»

«አባማ ፈቀዱ። ‹የታመመ ይብላ፤ ዕዳው በእኔ ነው› አሉኝ። መንደሩ መች ፈቀደ?» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንድ ጠዋት ስበላ አማቴ ገቡ። ምንም አላሉኝም፣ እትዬ። አዩኝና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ይህን የሚያህል ፊት ይዤ፣ እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው፣ እኔ በጠዋት እንዴት እንጀራ ልቁረስ? ሰው ምን ይለኛል? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልውጠው ብዬ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆዴ ላይ ሲደርስ ጨጓራዬን ላጠኝ። ከዚያ ፋሲካ ድረስ ብዬ ተውኩት።»

ቄሱ የፈቱትን ጎረቤት አስሮታል። አማቷ ወይዘሮ የሺመቤትም ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ የዳነች መስሎኝ» እያሉ ያለቅሱ ነበር። የታመመች ብትመስል ኖሮ ራሳቸው ቆርሰው ያጎርሷት ነበር። መድኃኒቱ የሰጣት ፊት ነው መድኃኒቱን ያስጣላት። ይህን ሳስበው ዛሬም ድንጋይ ወርውር ወርውር ይለኛል፣ ማን ላይ እንደምወረውር ግን አላውቅም።

በቃሬዛ ተሸክመን ጠዋት መሐል ሜዳ ደረስን። የጓሳ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ እየተቀያየሩ፣ አንዴም ሳያሳርፏት ነው ያመጧት፤ እሱን አልክድም። ጤና ረዳቱ ክኒኑን ቢሰጣት አስመለሳት፤ ደግሞ ሰጣት፣ አስመለሳት። «በአፏ አልሆነም። ያው መድኃኒት በመርፌ አለኝ፤ አሁን ልውጋትና መኪና ፈልገን ወደ ደብረ ብርሃን እንላካት» አለ። ወንድይፍራው ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆመ። አዲስ አበባ ኮሪደር ላይ ያመነኝ ሰው አልነበረም፤ ከኋላው አገሩ ሁሉ ቆሟል። «ዓይኗን አያችሁት? ይኼ የወፍ በሽታ ካልሆነ ምንድን ነው? መርፌ አይነካትም» አለ። ስለ ቱቦው አስታወስኩት፣ ስለ ውሻው አስታወስኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ሽማግሌዎቹ ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው መከሩ፤ እንደ ርስት ክርክር አንዱ ሲነሣ አንዱ ሲቀመጥ፣ «ያገሬ ሰዎች ሆይ» ሲባባሉ፣ እሷ ውስጥ ትንፋሿ እያጠረ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች። እታፈራሁ ዓይኗን መግለጥ ሲያቅታት ወንድይፍራው እያለቀሰ ከበሩ ላይ ተነሣና፣ «እንግዲህ ሄዳብኛለች፤ የፈለጋችሁትን አድርጉ» አለ። ጤና ረዳቱ ወጋት። መኪና ሲፈለግ፣ እጇ በእጄ ውስጥ እንዳለ አረፈች።

እንግዲህ የአገሬን ሕግ ተመልከቱልኝ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው መጀመሪያ ሥር ይጠጣል፣ ከዚያ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይመከርበታል። ተስፋ ሲቆረጥ መርፌ ይወጋል። ስለዚህ መርፌ የተወጋው ሁሉ ይሞታል፤ ሕጉም ይጸናል። እህቴን ስንቀብር አልቃሿ ተነሥታ ደረቷን እየመታች እንዲህ አለች፦

ሥሩን ሲያጠጧት ደህና የነበረች፣
ቀጭን መርፌ ነክቷት እንደ ወጣች ቀረች።

ሰዉ ተቀበላት። በግጥም የገባ ነገር ደግሞ ማን ይነቅለዋል? እኔ በላቦራቶሪ መስኮት ያየሁትን ለመናገር ብድግ አልኩ፤ ሐዘን ያናገራት ነው ብለው ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያጠባችኝን ጡት ዳግመኛ አላነሣችም፤ እኔን ግን ዓይን ለዓይን አታየኝም ነበር።

በአርባዋ ተዝካር አወጣን። ዳሱ ሥር ጠላ እየቀዳሁ ሳለ ያቺ ጎረቤቷ አስካለ መጥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ ጽጌ» አለች። ስለ ምን ብዬ አየኋት። «ትልቋ ልጄ ዓይኗ ቢጫ ሆኖብኝ፣ ትንፋሽም አጥሯት፣ ባለፈው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ላወርዳት ጭኛት ነበር። መንገድ ላይ የእታፈራሁ ትዝ አለኝ፤ መለስኳት። የእርስዎ እህት ናት ልጄን ከመርፌ ያተረፈችልኝ።» ልጅቷ አሁን የት እንዳለች ጠየቅኋት፤ ቤት ተኝታለች፣ ሥሩን እያጠጣኋት ነው አለችኝ። ነገ ሳይሆን ዛሬ፣ አሁኑኑ እንውሰዳት፣ እኔ እሸከማታለሁ አልኳት፤ ለመንኳት፣ ጮህኩባት። አስካለ በሐዘኔታ አየችኝ። «አይ እትዬ፣ ሐዘኑ እኮ ጎድቶዎታል» አለችና ግንባሬን ስማኝ ወደ እንግዶቹ ገባች። ልጅቷን ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርናት። መርፌ አልነካትም ነበርና በእሷ ለቅሶ ላይ ማንም በምንም አላሳበበም፤ «ቀኗ ደርሶ ነው» አሉ።